የኦዊኖን ሻጭ ማንበብ፦ ግምታችሁን የምታምኑበት መንገድ

ካምፓላ የከረመ ኢትዮጵያዊ ኦዊኖን አያጣውም። ከካባላጋላ ወይም ከካንሳንጋ ተሳፍሮ አሮጌው ታክሲ ፓርክ የወረደ ሰው ጥቂት ከተራመደ ከናኪቩቦ ስታዲየም ጎን ካለው ከዚህ ገበያ ይገባል። የመዝገብ ስሙ የቅዱስ ባሊኩዴምቤ ገበያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1885 በቡጋንዳው ንጉሥ በምዋንጋ ዘመን በተገደለው ካቶሊካዊ ሰማዕት በዮሴፍ ሙካሳ ባሊኩዴምቤ ተሰይሟል። ሰው ግን ኦዊኖ ማለቱን አልተወም። ጫማ፣ ጂንስ፣ የሕፃናት ልብስ፣ መጋረጃ፣ አንሶላ፣ ቅመም፣ የባህል መድኃኒት፣ ሁሉም አለበት። ስሙን ያስጠራው ግን ኡጋንዳውያን ሚቩምባ፣ እኛ ሰልባጅ የምንለው ልብስ ነው።

ዋጋ አይለጠፍበትም። ሻጭ ይጠራል፣ ገዢ ይከራከራል። መርካቶ ያደገ ሰው ለዚህ እንግዳ አይደለም። ሆኖም ብዙ ወገኖቻችን ከኦዊኖ ሲመለሱ የሚያሰሙት ቅሬታ አንድ ዓይነት ነው፤ «እስከ 15 ሺህ ሽልንግ እንደሚወርድልኝ ልቤ ነግሮኝ ነበር፣ 30 ከፍዬ መጣሁ።» እንዲህ የሚል ሰው ግምት አላጣም። ያጣው ግምቱን የሚያምንበት ምክንያት ነው። ያ ምክንያት ደግሞ ተጠንቶ የሚገኝ ነገር ነው።

በዚህ ጉዳይ ከማንም በላይ የተጨነቁት ፖከር ተጫዋቾች ናቸው፤ በተለይ በኢንተርኔት የሚጫወቱት። የባላጋራቸውን ፊት አያዩም፣ ድምፁን አይሰሙም። የሚታያቸው ሰውየው ስንት እንዳስያዘና ለመወሰን ምን ያህል እንደቆየ ነው። ከዚህች ጥቂት ነገር ተነስተው በእጁ ያለውን ካርድ ይገምታሉ፤ ግምታቸውንም በገንዘባቸው ይፈትናሉ። ቁማሩን ለማንም አልመክርም፤ በኡጋንዳ ሕግም ዕድሜው 25 ያልሞላ ሰው መቆመር አይፈቀድለትም። ኦዊኖ ላይ የተሳሳተ ሰው ሱሪውን ይዞ ይገባል፣ ቁማር ላይ የተሳሳተ ግን ባዶ እጁን ነው። የአስተሳሰባቸው ሥርዓት ግን ለገበያተኛ የሚጠቅም ስለሆነ ከእነሱ የምወስደው አለ።

አንድ፤ ሳትገዙ ዙሩ

የመጀመሪያውን ቀን ለመግዛት አትሂዱ። ለመሳፈሪያና ለምሳ የሚበቃ ብቻ ያዙ። የምትፈልጉት ጂንስ ከሆነ ጂንስ የሚሸጥበትን መተላለፊያ ተመላለሱበት። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ቦንዳ የተሸከሙ ወጣቶች ዞር በሉ እያሉ ያልፋሉ፣ ሻጮችም እጃችሁን ይዘው ወደራሳቸው ይስባሉ። አትቆጡ፣ በቀስታ እጃችሁን አስለቅቃችሁ ቀጥሉ።

የተጠራውን ዋጋ ለማስታወስ አትድከሙ፤ አፍ የፈለገውን ይጠራል። የምታጠኑት የተከፈለውን ነው። ልጆቿን አስከትላ የመጣች የካምፓላ እናት ስትገዛ ጠጋ ብላችሁ ቁሙና የምትቆጥረውን ገንዘብ እዩ። የኡጋንዳ ኖቶች በቀለማቸው ስለሚለያዩ ከሁለት ሜትር ርቀት እንኳ ማየት ይቻላል፤ 5 ሺው አረንጓዴ፣ 10 ሺው ወይን ጠጅ፣ 20 ሺው ቀይ ነው። ቀይ ሰጥታ አረንጓዴ ከተመለሰላት ልብሱ 15 ሺህ ወጣ ማለት ነው። እንዲህ ያለ እውነተኛ ክፍያ በአንድ ረድፍ ላይ አራት አምስት ከሰበሰባችሁ ማንም ሻጭ ሊነግራችሁ የማይፈልገውን አውቃችኋል።

ያን ቀን ሁለተኛው ሥራችሁ በሉጋንዳ ቁጥር መስማት ይሁን። 10 ሺህ ኦሙትዋሎ ነው፤ 20 ሺህ ኤሚትዋሎ ኤቢሪ፣ 30 ሺህ ኤሚትዋሎ ኤሳቱ፣ 5 ሺህ ኤንኩሚ ታኖ። ለመናገር ሳይሆን ለመስማት ተማሩት። ብዙ መደብ ላይ የሚሸጠው ልጅ ተቀጣሪ ነው፤ ባለቤቷ ከጀርባ ተቀምጣለች። ልጁ ልብሱን ከፍ አድርጎ «ሜካ?» ብሎ ይጠይቃታል፣ እሷም «ኤሚትዋሎ ኤቢሪ» ትላለች፤ ወደ እናንተ ዞሮ 45 ይላል። ይህን ሰምቶ የሚገምት ሰው ከሁሉም ይበልጣል፤ ግምቱ ላይ መጨነቅ እንኳ አያስፈልገውም።

ከዚያ በኋላ ለመግዛት ስትሄዱ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት የራሳችሁን ቁጥር ያዙ። ልብሱን እዩ፣ «ለዚህ እስከ 20 ሺህ» በሉ በልባችሁ፣ ቀጥሎ ጠይቁ። ቅደም ተከተሉ ተራ ነገር አይደለም። አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን በ1974 ባሳተሙት ዝነኛ ጥናት፣ በዘፈቀደ የተሰጠ ቁጥር እንኳ ቀጥሎ የሚመጣውን የሰው ግምት ወደራሱ እንደሚጎትት አሳይተዋል። ሻጩ 60 ካለ በኋላ 20 ለማሰብ ይከብዳል፤ 40 የተገኘ ትርፍ ይመስላል። ቁጥሩን አስቀድሞ የያዘ ሰው ግን ከራሱ ቁጥር ተነስቶ ይከራከራል።

ሁለት፤ ቦንዳው የት ደርሷል?

ሰው ከማንበባችሁ በፊት ያለበትን ቦታ አንብቡ። የኦዊኖ ሻጭ ትርፉ የሚወሰነው እያንዳንዱን ልብስ በገዛበት ዋጋ አይደለም። የሚገዛው ታሽጎ የመጣ ቦንዳ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 45 ኪሎ አካባቢ የሚመዝን፣ ውስጡ ሳይታይ የሚከፈልበት። ሲፈታ ግማሹ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ቀዳዳና እድፍ የበዛበትም ሊሆን ይችላል። ቦንዳው በጠዋት ሲፈታ የመሀል ከተማ ቡቲክ ባለቤቶች ቀድመው ተገኝተው ምርጡን በጥሩ ዋጋ ያነሳሉ። ሻጩ ዋናውን የሚመልሰው በእነሱ ነው። ቀጥሎ ተራው ገበያተኛ ይመርጣል። የቀረው መሬት ላይ በተነጠፈ ሸራ ላይ ይዘረገፋል፤ ይህኛው ፋጊያ ይባላል፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ እየተጠራ ይሸጣል።

እንግዲህ አንድ ዓይነት ሸሚዝ ጠዋት 25 ሺህ የማይወርደው፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ 8 ሺህ የሚሸጠው ሻጩ ጠባዩ ተለውጦ አይደለም። ጠዋት ላይ ዋናውን አልመለሰም፤ የሚጠብቃቸው የተሻሉ ገዢዎችም አሉ። ከቀትር በኋላ ዋናው ተመልሷል፣ የቀረው ሁሉ ትርፍ ነው፣ ነገ ደግሞ ለአዲስ ቦንዳ ቦታ ያስፈልገዋል። ይህን የማያውቅ ሰው የጠዋቱን ሻጭ «ደረቅ»፣ የከሰዓቱን «ደግ» ይለዋል፤ ሁለቱም አንድ ሰው ሊሆን ይችላል።

ቦታውን የሚነግሯችሁ ምልክቶች ዓይን ፊት ናቸው። የቦንዳው ማሰሪያና መጠቅለያ ገና እግሩ ሥር ነው? ልብሱ ተጨፍልቆ የቆየበት እጥፋት አልለቀቀም? የታሸገ ልብስ ሽታ ገና ይሸታል? እንግዲያው ቦንዳው ዛሬ ነው የተፈታው፤ ብዙ አይወርድም። ልብሱ ተንጠልጥሎ ትከሻው ላይ አቧራ ይዟል፣ የማንጠልጠያው ቅርጽ ጨርቁ ላይ ቀርቷል? ያ ልብስ ብዙ ገዢ አይቶት ትቶታል፤ ሻጩም ያውቃል። ክምሩ ወደ መጨረሻው ደርሶ ልጁ እየሰበሰበ ነው? ጠይቁ።

ወቅቱም አለ። ከገና በፊትና የኡጋንዳ ትምህርት ቤቶች በፌብሩወሪ፣ በሜይና በሴፕቴምበር ሲከፈቱ ገዢ ይበዛል፣ የሻጭም ልብ ይጠናል።

አንዳንዴ ወሬ ይሰማል፤ «መንግሥት ሊያግድ ነው፣ ቦንዳ ተወድዷል።» ወሬው ከባዶ አልተነሳም። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች በ2016 ያገለገለ ልብስ ማስገባትን ቀስ በቀስ ለማስቀረት ተስማምተው ነበር፤ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ገበያዋን እንደምትነሳ ስታስፈራራ ሩዋንዳ ብቻ ጸናች። በኦገስት 2023 ደግሞ ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ የሞቱ ሰዎች ልብስ ነው በማለት ማስገባቱን እንደሚከለክሉ ተናገሩ፤ ገበያው ግን ቀጠለ። ስለዚህ ይህን የሚላችሁ ሻጭ ውሸታም ነው ብላችሁ አትጀምሩ። ሦስት መደብ ሂዱና ጠይቁ። ሁሉም ጋ ከጨመረ እውነት ነው፤ እሱ ጋ ብቻ ከጨመረ የእሱ ነው።

ሦስት፤ ሰላምታ ስጡ፣ ከዚያ ፊቱን ትታችሁ እጁን እዩ

ሴቷን «ኛቦ»፣ ወንዱን «ሴቦ» ብላችሁ ደኅና መሆናቸውን ጠይቁ። በቡጋንዳ ሰላምታ ሳይሰጡ ዋጋ መጠየቅ ነውር ነው፤ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነበር። ለእኛ ጉዳይ ግን ሌላም ጥቅም አለው። ገንዘብ ሳይነሳ ሰውየው እንዴት እንደሚናገር ትሰማላችሁ፤ ፈጣን ነው ወይስ ዝግተኛ፣ ይስቃል ወይስ ቁጥብ ነው። በኋላ ዋጋ ላይ ሲዘገይ «ዘገየ» ለማለት የምትችሉት ፊት የነበረውን ካወቃችሁ ብቻ ነው። ሁልጊዜ የሚስቅ ሰው ሳቅ ምንም አይነግራችሁም።

ፊት ላይ አትመኩ። ቻርልስ ቦንድና ቤላ ዴፓውሎ በ2006 ከ200 በላይ ጥናታዊ ጽሑፎችን ሰብስበው ሲያጠቃልሉ፣ ሰው እውነትን ከውሸት የሚለየው በአማካይ ከ100 ጊዜ 54 ያህሉን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት እምብዛም አይርቅም። ለኦዊኖ የሚጠቅመው ደግሞ ማይክል ስሌፒያንና ባልደረቦቹ በ2013 ያሳተሙት ነው። የታላላቅ የፖከር ውድድሮችን ቪዲዮ ቆራርጠው ለተመልካቾች አሳዩ። የተጫዋቾቹን ፊት ብቻ ያዩት የካርዱን ጥንካሬ መገመት አቃታቸው። ገንዘቡን ወደ ጠረጴዛው የሚገፋውን ክንድ ብቻ ያዩት ግን ከዘፈቀደ በላይ አወቁ። ሰው ፊቱን መቆጣጠር ይለምዳል፤ እጁን የሚቆጣጠር ጥቂት ነው።

መደቡ ላይ ይህ እንዴት እንደሚታይ ልንገራችሁ። ጃኬቱን ይዛችኋል፣ 18 ሺህ አላችሁ። ሻጯ «አይሆንም፣ አይሆንም፣ በገዛሁበት እንኳ አልሸጥኩም» ትላለች፤ ፊቷ ተኮሳትሯል። እጇስ? ጃኬቱን ከእጃችሁ ወስዳ ማንጠልጠያው ላይ መልሳ ቁልፉን ከቆለፈች፣ 18 ከምትሸጥበት በታች ነው። ጃኬቱን እጃችሁ ላይ ትታ ክንዷን አጣምራ ከቆመች፣ ክርክሩ አላለቀም። አፏ «አይሆንም» እያለ እጇ ወደ ካቬራው፣ ማለትም ወደ ፌስታሉ ከሄደ ዋጋው ተቆርጧል፤ የምትጠብቀው አንድ ሺህ እንድትጨምሩላት ነው። ብትጨምሩላት አይከፋም።

አራት፤ ቅናሹን መጥኑ

የኢንተርኔት ፖከር ተጫዋች ዋና ምልክቱ ባላጋራው ያስያዘው ገንዘብ መጠን ነው። የእናንተ ዋና ምልክት የቅናሹ መጠን ነው።

ሻጩ 50 ብሎ ጠርቶ፣ ገና «ንሳሊራኮ» ብላችሁ ቀንስልኝ ስትሉት ወደ 30 ከዘለለ፣ 50 ከመጀመሪያውም ዋጋ አልነበረም፤ 30ም ላይሆን ይችላል። 50 ብሎ 47 ካለ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወይ እውነተኛ ዋጋው አጠገብ ነው፣ ወይ ትዕግሥታችሁን እየፈተነ ነው። ለመለየት አንድ እርምጃ ጠብቁ። ቅናሹ እየጠበበ ከመጣ፣ ለምሳሌ ከ50 ወደ 40፣ ወደ 36፣ ወደ 35፣ ወለሉ ቀርቧል፤ 34 ካላችሁት ይሸጥላችኋል ወይም ይተዋችኋል። ቅናሹ ካልጠበበ፣ ማለትም 50፣ 45፣ 40፣ 35 እያለ እኩል ከወረደ፣ ገና ብዙ አለው።

ፍጥነቱንም ጨምሩበት። ለቁጥራችሁ ወዲያው «እምቢ» ያለ ሰው መልሱን አስቀድሞ ያውቃል፤ ያ ቁጥር ከወለሉ በታች ነው። ዝም ብሎ ልብሱን ያየ፣ የገላበጠ፣ ወደ መደቡ ባለቤት የዞረ ሰው እያሰላ ነው፤ የሚሰላ ዋጋ ደግሞ የሚቻል ዋጋ ነው። ባላሰባችሁት ፍጥነት «ውሰድ» ካለ ግን ቆም በሉ፤ ብብቱን፣ ዚፑን፣ የሱሪውን መቀመጫ ወደ ብርሃን ዘርግታችሁ እዩ። ልብሱ ደህና ከሆነ ክፈሉ፤ አንዴ ራሳችሁ የጠራችሁትን ዋጋ መመለስ አይገባም።

አምስት፤ መሄድ አንዴ ነው

ጥሎ መሄድ ግምትን መፈተኛ ነው፤ ማስፈራሪያ አይደለም። መፈተኛ የሚሆነው ግን አስቀድማችሁ ለራሳችሁ ከተናገራችሁ ነው፤ «20 ሺህ ብዬ ብሄድ ይጠራኛል።» ሂዱ። ሁለት መደብ ሳታልፉ ከጠራችሁ ግምታችሁ ልክ ነበር። ካልጠራችሁ ደግሞ አንድ ነገር አወቃችሁ፤ 20 አይሸጥም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያፍራል፣ መመለስን እንደ ሽንፈት ያየዋል። ምን ነውር አለው? ተመልሳችሁ 23 በሉት። የሚበላሸው ሄዶ፣ ተመልሶ፣ እንደገና ሲሄድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሻጩ የእናንተን መሄድ ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ እናንተም ከእሱ ዝምታ የምትማሩት አይኖርም።

ስድስት፤ እናንተም ትነበባላችሁ

ሻጩ ሥራው ይህ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ያነባል። ገና ስትገቡ የውጭ ሰው መሆናችሁን አውቋል፤ ኢትዮጵያዊ ይሁን ኤርትራዊ ወይም ሶማሊ ላይለይ ይችላል፣ የጥሪውን ዋጋ ግን ከፍ አድርጓል። በዚህ አትከፉ። የሚያሳስበው ሌላው ነው፤ የምትወዱትን ልብስ ሦስት ጊዜ መንካት፣ ጓደኛን ጠርቶ «እይማ፣ እንዴት ያምራል!» ማለት። አማርኛው ባይገባው ድምፁ ይገባዋል። ስለ ልብሱ የምትነጋገሩት መደቡን ካለፋችሁ በኋላ ይሁን።

ገንዘባችሁን ቤት ሳላችሁ ከፋፍሉት። የመጨረሻ ዋጋችሁ 20 ከሆነ በአንድ ኪስ ያለው 20 ብቻ ይሁን። 25 ሺህ የለኝም ብላችሁ ቢጫውን 50 ሺህ መዝዛችሁ መልስ ስትጠብቁ ያፈራችሁት ዛሬ ብቻ አይደለም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ስትመጡም ያስታውሳችኋል።

ሰባት፤ ጻፉት

ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ ግምት እንዴት እንደሚገኝ ነው። ማመን የሚመጣው ከዚህኛው ደረጃ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም እሱን ነው።

ካህነማን ከጋሪ ክላይን ጋር ሆነው በ2009 ባወጡት ጽሑፍ የባለሙያ ደመ ነፍስ መቼ ይታመናል የሚለውን ጥያቄ መርምረዋል። ሁለቱ ሰዎች ለዓመታት በተቃራኒ ወገን የቆሙ ተመራማሪዎች ነበሩ፤ አንዱ ደመ ነፍስን የሚጠራጠር፣ ሌላው የሚያምን። የተስማሙበት ይህ ነው፦ ነገሩ ራሱ ሥርዓት ያለው መሆን አለበት፤ ሰውየውም ልክ መሆን አለመሆኑን እየተነገረው በቂ ጊዜ መለማመድ አለበት። ለራሳችን ስንተረጉመው ጥያቄው «ልቤ ምን አለኝ?» ሳይሆን «ልቤ እስካሁን ስንት ጊዜ ልክ ነበር?» ይሆናል።

ይህን ለማወቅ መጻፍ ግድ ነው፤ ምክንያቱም ትውስታችን ያዳላል። ልክ የሆንበትን እናስታውሳለን፣ ያልሆንበትን «ያን ቀን እኮ ቸኩዬ ነበር» እያልን እናልፋለን። ስልካችሁ ላይ አጭር ማስታወሻ ክፈቱ። ክርክር ከመጀመራችሁ በፊት አንድ መስመር ጻፉ፤ «የሴት ጫማ፣ ጠዋት፣ ባለቤቷ ራሷ፣ 40 ጠራች፣ እስከ 28 ትወርዳለች፣ ግማሽ በግማሽ እርግጠኛ ነኝ።» ከተገበያያችሁ በኋላ ውጤቱን አስከትሉ። ምን ያህል እርግጠኛ እንደነበራችሁ መጻፉ አይቅር። «ሙሉ በሙሉ እርግጠኛ ነኝ» ካላችሁባቸው ግማሹ ከከሸፉ፣ እርግጠኝነታችሁ ራሱ መታረም አለበት።

አንድ ችግር አለ፣ ፖከር ተጫዋቾችም ያውቁታል። ባላጋራ ካርዱን ሳያሳይ ከጣለ ግምቱ ልክ ይሁን አይሁን አይታወቅም። እናንተም 28 ከፍላችሁ ስትሄዱ ሻጯ 24 ትሸጥ ነበር ወይ? አይታወቅም። ስለዚህ ማጣሪያ ፈልጉ። ከገዛችሁ በኋላ ተመሳሳዩን ጫማ ሌላ መደብ ላይ ጠይቁ። ቆም ብላችሁ ከእናንተ ቀጥሎ የመጣችው ገዢ ምን እንደምትከፍል እዩ። ከሁሉም የሚሻለው አንዲት ሻጭ ደንበኛ አድርጎ መያዝ ነው። ከእሷ ደጋግማችሁ ግዙ፤ ከተላመዳችሁ በኋላ «ያን ቀን ያችን ጫማ በስንት ትሰጪኝ ነበር?» ብትሏት ብዙዎቹ እየሳቁ ይነግሯችኋል። ከዚያች መልስ የምትማሩት ከብዙ ክርክር ይበልጣል።

ማስታወሻው ሲጠራቀም አንብቡት። አብዛኛው ሰው የሚያገኘው «ጎበዝ ነኝ» ወይም «ደካማ ነኝ» የሚል አይደለም፤ ከዚያ የረቀቀ ነው። ጫማ ላይ ልክ፣ ኮት ላይ ስህተት። ባለቤት ሲሸጥ ልክ፣ ተቀጣሪ ሲሸጥ ስህተት፤ ተቀጣሪው እንዳይወርድ የታዘዘበት ቁጥር ስላለ የእጁ ምልክት ያሳስታል። እንግዲህ ጫማ ላይ ልባችሁ ሲናገር ያለ ጭንቀት ተከተሉት። ኮት ላይ ገና አትከተሉት። ግምትን ማመን ማለት በሙሉ ማመን ማለት አይደለም፤ ባስመዘገበው ልክ ማመን ማለት ነው።

መቼ አትመኑት

ልብሱን በጣም ስትወዱት። የወደደ ሰው ግምቱ ሁልጊዜ የሚፈልገውን ይነግረዋል፤ «ከዚህ አይወርድም» የሚለው ድምፅ «ሳላጣው ልክፈልና ልሂድ» ከሚለው ፍላጎት ጋር ይቀላቀላል። ያን ጊዜ ራሳችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ይህን ልብስ ለሌላ ሰው ተልኬ የምገዛው ቢሆን ይህንኑ እገምት ነበር? ለመመለስ ካመነታችሁ ግምቱን ተዉት።

ስትደክሙና ስትራቡም አትመኑት። ዝናብ ሲመጣም እንዲሁ፤ ናኪቩቦ ቦይ ሲሞላ ሁሉም ይቸኩላል፣ ሻጩ ሸራውን ይሰበስባል፣ ገዢው መውጫ ይፈልጋል፤ የማንም ምልክት የተለመደው አይደለም።

ምንም ግምት ካልመጣላችሁ ደግሞ አታስገድዱት። በ2019 የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲና የፌስቡክ ተመራማሪዎች የሠሩት ፕሉሪበስ የተባለ ፕሮግራም ስድስት ሰው በሚጫወትበት ፖከር ስመ ጥር ባለሙያዎችን አሸንፏል። ያሸነፈው የተጫዋቾቹን ጠባይ አንብቦ አይደለም፤ አስቀድሞ የተማረውን ጥሩ አጨዋወት ጠብቆ ነው። የእናንተ ጥሩ አጨዋወት የመጀመሪያው ቀን ያያችሁት፣ ሰዎች ሲከፍሉት የነበረው ዋጋ ነው። ሻጩ ካልተነበበላችሁ እሱን ሰጥታችሁ ግዙ፤ ካልሸጠላችሁ እለፉ። ኦዊኖ ሰፊ ነው።

ስለ ሻጮቹ አንድ ነገር ሳልናገር አላቆምም። ፖከር ላይ የባላጋራ ኪሳራ የእናንተ ትርፍ ነው። ኦዊኖ ላይ እንደዚያ አይደለም። እነዚህ ሰዎች ውስጡን ያላዩትን ቦንዳ በብድር ገንዘብ ጭምር የሚገዙ ናቸው። ገበያው በ2009ና በ2011 በእሳት ሲጋይ የብዙዎቹ ሀብት አመድ ሆኗል፤ ከዚያ ተነስተው ነው እንደገና የቆሙት። ሰውን ማንበብ የቻለ ሰው ወለሉ የት እንደሆነ ያያል፤ ወለሉን ካየ በኋላ ያችን የመጨረሻ ሁለት ሺህ ሽልንግ ለማስለቀቅ ግማሽ ሰዓት መጨቃጨቅ አይገባውም። ቅናሹ ጠቦ፣ እጇ ልብሱን ወደ ማንጠልጠያው ሲመልስ ካያችሁ ግምታችሁ የሚላችሁን እመኑና እዚያው አቁሙ። ገንዘቡን ፊቷ ቆጥራችሁ ስጡ፣ «ዌባሌ ኛቦ» ብላችሁ አመስግኗት፣ መደቧንም አስታውሱ፤ የሚቀጥለው ቦንዳ ሲፈታ ለእናንተ የሚሆነውን ለይታ የምታቆይላችሁ እሷ ናት።